ከእግራችን ሥር ያለው ዓለም



ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ከእንቅልፉ ተነሣ። እኛም ከተነሡት መካከል ነበርን። በመጀመሪያ የቁም ሳጥኑ በር ተንቋቋ። ቀጥሎ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመረ። ከዚያም የተኛንበት አልጋ ሰው የገፋው ይመስል ተንሸራተተ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አንዱን አዝለን ሌላውን ጎትተን ደረጃውን ስንወርድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘነው።

ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ የሰማነው ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። አንዷ እናት ዚክር ታደርጋለች። አንድ ወጣት ሞባይሉን እያየ «አፍሪካ ለሁለት ተከፈለች ይላል!» ብሎ ጮኸ። የካራ ቆሬ ተወላጅ የሆኑት አዛውንቱ ሐጂ ግን በጋቢያቸው ተጀቡነው የአጥሩን ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «እኔ ይህን በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤» አሉ፤ «በ53 ግንቦት ሲያልቅ ነው። ማጀቴ ያን ጊዜ ነው የፈረሰችው። መንገዱ ተሰነጣጠቀ፤ ሰውም ቤቱን ፈርቶ ሜዳ ላይ አደረ።»

ታናሹ ልጃችን ይህን ሁሉ ሲያዳምጥ ከቆየ በኋላ «አባዬ፣ ታች ያለው ምንድን ነው? ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ሲል ጠየቀን። «አላህ ያውቃል» ብለን አለፍነው። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ የጠየቀው ይህን አልነበረም፤ እኛም ያን ያልነው የምንመልሰው ስላልነበረን ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ መጻሕፍት አገላብጠናል፣ የሚያውቁትንም ጠይቀናል። በዚህ ወር የምናቀርብላችሁ ለዚያ ልጅ ልንሰጠው ይገባን የነበረውን መልስ ነው።

ማንም ወርዶ ያላየው

የሰው ልጅ ጨረቃን ረግጦ ተመልሷል። ወደ ታች ግን ብዙ አልሄደም። ከምንቆምበት ገጽ እስከ ምድር መሐል ያለው ርቀት 6,371 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ ርቆ የሄደው የሩሲያ የኮላ ጉድጓድ ነው። ሶቪየቶች በ1970 እ.ኤ.አ. መቆፈር ጀምረው፣ በ1989 እ.ኤ.አ. 12,262 ሜትር ላይ ደረሱ። እዚያ ያገኙት ሙቀት ከጠበቁት እጅግ የበለጠ፣ 180 ዲግሪ ገደማ ሆነ። አለቱም በዚያ ሙቀት መለጠጥና መሰርሰሪያውን መያዝ ስለጀመረ ወደ ፊት መሄድ አልተቻለም። 12 ኪሎ ሜትር ብዙ ይመስላል፤ ከመንገዱ ሁሉ ግን አንድ አምስት መቶኛው እንኳ አይሞላም። ዛሬ ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተዘግቶ ይገኛል።

ታዲያ ከዚያ በታች ያለው በምን ታወቀ? ሐብሐብ የሚገዛ ሰው የሚያደርገውን አስታውሱ። ሳይቆርጠው በጣቱ መታ መታ ያደርግና ድምፁን ሰምቶ ብስሉን ከጥሬው ይለያል። የምድርም ምስጢር የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ምድርን የሚመታት ራሱ የመሬት መንቀጥቀጥ መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ምድር በተንቀጠቀጠች ቁጥር ሞገዱ በውስጧ ዘልቆ በሌላው የዓለም ጫፍ ባለ መሣሪያ ላይ ይመዘገባል። ሞገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እየገፋና እየሳበ የሚሄድ ሲሆን በጠጣርም በፈሳሽም ያልፋል። ሁለተኛው እንደተወዛወዘ ገመድ እየተርገበገበ ይሄዳል፤ ፈሳሽ ሲያጋጥመው ግን ይቀራል። የቱ ሞገድ የት ደረሰ፣ የቱ ቀረ፣ የቱስ ዘገየ የሚለውን በትዕግሥት የቆጠሩ ሰዎች ናቸው የምድርን ሆድ ሳይከፍቱ ያነበቡት።

በ1906 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦልድሃም የምድር መሐል ከሌላው ክፍሏ የተለየ እምብርት እንዳለው አመለከተ። በ1909 እ.ኤ.አ. ዛግሬብ አጠገብ የደረሰውን መንቀጥቀጥ ያጠናው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ደግሞ የላይኛው ቅርፊት የት እንደሚያበቃ አገኘ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የማረከን ግን የዴንማርኳ ኢንገ ሌማን ታሪክ ነው። ይህች ሴት በ1929 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ከደረሰ መንቀጥቀጥ የመጡ፣ «እዚህ መድረስ አልነበረባቸውም» የሚባሉ ደካማ ሞገዶችን አስተዋለች። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን መረጃውን በወረቀት ካርዶች ላይ እየጻፈች በአጃ ማሸጊያ ካርቶኖች ውስጥ ታስቀምጥ፣ በእረፍት ቀኗም ከቤቷ አትክልት ቦታ ተቀምጣ ትመረምራቸው እንደነበር ዘመዷ ተናግሯል። በ1936 እ.ኤ.አ. በፈሳሹ እምብርት ውስጥ ሌላ ጠጣር እምብርት መኖሩን አስታወቀች። 104 ዓመት ኖራ በ1993 እ.ኤ.አ. አረፈች።

እንግዲህ ወደ ታች እንውረድ። የምንቆምበት ቅርፊት ከውቅያኖስ ሥር 7 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከየብስ ሥር ደግሞ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በሂማላያና በቲቤት ሥር 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከእርሱ በታች እስከ 2,890 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ማንትል የሚባለው ክፍል ነው፤ ከምድር አካል ከአምስት እጅ አራቱን የሚይዘው እርሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ብዙ ሰው ቅርፊቱን ሰንጥቆ ቢወርድ የቀለጠ እሳት ባሕር የሚያገኝ ይመስለዋል፤ እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ማንትል ግን ጠጣር አለት ነው። ቅልጥ አለት የሚገኘው በአንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። ቢሆንም ይህ ጠጣር እጅግ በዝግታ ይፈሳል። ለመንገድ የሚፈሰውን ሬንጅ ያየ ሰው ይገባዋል፤ የቀዘቀዘውን ሬንጅ በመዶሻ ብትመቱት ይሰበራል፣ ለረጅም ጊዜ ብትተዉት ግን በራሱ ክብደት እየተንጠፈጠፈ ይሄዳል።

ከማንትሉ በታች እስከ 5,150 ኪሎ ሜትር ድረስ የቀለጠ ብረትና ኒኬል አለ፤ ይህ ውጫዊው እምብርት ነው። በመጨረሻም ከመሐል 1,220 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ውስጣዊው እምብርት ይመጣል። ሙቀቱ 5,000 ዲግሪ እንደሚያልፍ ይገመታል፤ ሆኖም ከላይ የተጫነው ክብደት እንዳይቀልጥ አድርጎ ጠጣር አስቀርቶታል። ይህ ሁሉ ከኑሯችን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ ከቤት ርቆ ሲሄድ ቂብላን ለማወቅ በኪሱ የያዛትን ኮምፓስ ያውጣ። መርፌዋን የሚያዞራት መግነጢሳዊ ኃይል የሚመነጨው ከዚያ ከሚናወጠው የብረት ባሕር ነው። ሰላት ልንሰግድ መርፌዋን ባየን ቁጥር ከ2,890 ኪሎ ሜትር በታች ባለ ነገር እየተመራን ነው ማለት ነው።

የምድርን ትልቅነት በመለካት ረገድ የእኛ ሊቃውንት ድርሻ እንደነበራቸው ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው አገር ናንዳና ከሚባል ምሽግ አጠገብ፣ የአንድ ተራራ ቁመትና ከጫፉ ላይ አድማስ ዝቅ ብሎ የሚታይበትን ማዕዘን ብቻ ለክቶ የምድርን ስፋት አሰላ። ያገኘው ውጤት ከዛሬው ልኬት ብዙም አይርቅም። እርሱው የሕንድ ሜዳ ቀድሞ ባሕር እንደነበረና ወንዞች ባመጡት ደለል እንደተሞላ ጽፏል። የእርሱ ዘመን ሰው የነበረው ኢብን ሲናም ተራሮች በመሬት መናወጥ ከፍ በማለት፣ እንዲሁም ውኃ ዙሪያቸውን እየቦረቦረ በመቅረት፣ እጅግ በረጅም ዘመን እንደሚፈጠሩ «ኪታብ አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራው አስተምሯል።

የተቀደደው ጋዜጣ

የዓለምን ካርታ ያየ ልጅ ሁሉ የብራዚል ትከሻ ከአፍሪካ ብብት ልክ እንደሚገባ ያያል። ትልቅ ሰው ግን አይቶ ያልፋል። ያላለፈው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬግነር ነበር። የአየር ጠባይ አጥኚ እንጂ የድንጋይ ሊቅ አልነበረም፤ ምናልባት የጠቀመውም የጎዳውም ይኸው ይሆናል። በጃንዋሪ 1912 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ከተማ ላይ አህጉራት ቀድሞ አንድ እንደነበሩና ኋላ እንደተለያዩ ተናገረ። በ1915 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው።

ማስረጃው ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነበር። ሜሶሳውረስ የምትባል ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳ ቅሪቷ የተገኘው በደቡብ አፍሪካና በብራዚል አካባቢ ብቻ ነው። አትላንቲክን የምታቋርጥ ፍጥረት አልነበረችም። የአንድ ዓይነት ዛፍ ቅጠል ቅሪት በሕንድ፣ በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አሜሪካ ተገኘ። ዛሬ ሐሩር በሆኑ አገሮች የጥንት የበረዶ ግግር አለቱን የፋቀበት ምልክት ይታያል፤ ይህ ከእኛም አገር የሚጠፋ አይደለም፤ በትግራይ እንጢጮና እዳጋ ዓርቢ አካባቢ ከመቶዎች ሚሊዮን ዓመታት በፊት በረዶ ያንከባለላቸው ድንጋዮች አሉ። ቬግነር ነገሩን ከተቀደደ ጋዜጣ ጋር አመሳሰለው። ቁርጥራጮቹን ስታጋጥሙ ጠርዛቸው መግጠሙ ብቻ ሳይሆን የጽሑፉ መስመርም ከቀጠለ፣ አንድ ገጽ ነበሩ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

የዘመኑ ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። በደፈናው ክፋት ነበር ማለት አንችልም፤ ቬግነር አህጉራትን የሚገፋቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ አልነበረውም፣ የገመተው ፍጥነትም እጅግ የበዛ ነበር። ሆኖም ከትችቱ ውስጥ ንቀት የተቀላቀለበት ብዙ ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አላቆመም። በ1930 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ በረዶ መሐል ለሚከርሙ ባልደረቦቹ ስንቅ ለማድረስ ተጓዘ። ካደረሰ በኋላ ኖቬምበር 1 ቀን፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ራስሙስ ቪሉምሰን ከተባለ ግሪንላንዳዊ ጓደኛው ጋር ለመልስ ተነሣ። ሁለቱም አልደረሱም። በሜይ 1931 እ.ኤ.አ. የቬግነር አስከሬን በጥንቃቄ ተቀብሮ፣ መቃብሩም በበረዶ መንሸራተቻ እንጨቶቹ ምልክት ተደርጎበት ተገኘ። የቀበረው ጓደኛው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ ቬግነር ብዙ ተጽፏል፤ ያን ብርድ ተቋቁሞ ወዳጁን በክብር ስለቀበረው ሰው ግን ጥቂት ነው የተጻፈው።

የጎደለው መልስ የመጣው ከባሕር ወለል ነው። በ1950ዎቹ በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሜሪ ታርፕ ሴት በመሆኗ በምርምር መርከቡ እንድትሳፈር አይፈቀድላትም ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ ያመጡትን የጥልቀት ልኬት ቢሮ ተቀምጣ ወደ ካርታ ትለውጥ ነበር። እንዲህ ስትሠራ በአትላንቲክ ወለል መሐል በሚጋደመው ረጅም ተራራ አናት ላይ ሸለቆ መኖሩን አየች። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ «የሴት ወሬ» ብሎ አጣጣለባት። በኋላ የመንቀጥቀጥ ቦታዎች ካርታ ከእርሷ ካርታ ጋር ሲተያይ፣ መንቀጥቀጡ ሁሉ ልክ ሸለቆው ላይ ተደርድሮ ተገኘ። ያ የባሕር ሥር ሸለቆ የሚመሳሰለው ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ፣ ማለትም ከእኛው ከዝዋይና ከአዋሽ አገር ጋር ነበር።

በ1962 እ.ኤ.አ. ሃሪ ሄስ ከዚያ ሸለቆ ሥር አዲስ የባሕር ወለል እየተወለደ ግራና ቀኝ እንደሚገፋ ጻፈ። በማግሥቱ ዓመት ቫይንና ማቲውስ በወለሉ አለቶች መግነጢሳዊ መስመሮች ይህኑ አጠናከሩ። ምድር 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያስቆጠረች ስትሆን፣ ከዋናዎቹ ውቅያኖሶች ወለል 200 ሚሊዮን ዓመት የሚያልፍ እምብዛም የለም፤ አሮጌው ወደ ማንትል ተመልሶ ይሰምጣል። የምድር ገጽ «ፕሌት» በሚባሉ ግዙፍ የአለት ንጣፎች የተከፋፈለ መሆኑም ታወቀ። አህጉራት በእነዚህ ላይ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ ፍጥነታቸውም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ የጣታችን ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው።

ቀይ ባሕር ሲሰፋ

አሁን ወደ ቤታችን ደረስን። የዐረቢያ ምድርና የእኛ ምድር አንድ አገር ነበሩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአፋር ሥር ትኩስ የማንትል አለት ወደ ላይ ገፋ፤ የኢትዮጵያንና የየመንን ደጋ ያነጠፈው ጥቁር ድንጋይ በዚያ ዘመን የፈሰሰ ላቫ ነው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሰሜን ተራሮች የተጠረቡት ከዚሁ ነው። ምድሪቱም ተለጠጠች፣ ተሰነጠቀች። ስንጥቁ ሦስት ክንድ አወጣ፤ አንዱ ቀይ ባሕር፣ ሁለተኛው የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ሦስተኛው የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሆነ። ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። ዐረቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትሄድ ኢራንን ትገፋለች፤ የዛግሮስ ተራሮች የታጠፉት በዚህ ግፊት ነው።

አንድ ስሌት ሠርተናል፤ ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። ሶሃቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወደ ሐበሻ የተሰደዱት በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የሲራ ጸሐፍት እንደሚነግሩን በጀልባ የተሳፈሩት ጅዳ አጠገብ ካለችው ከሹዐይባ ወደብ ነበር። ቀይ ባሕር በዚያ በኩል በዓመት ከ1 እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ 1,410 ዓመት ያህል አልፏል። እንግዲህ ዛሬ በዚያው መንገድ የሚሻገር ጀልባ እነ ጃዕፈር ከተጓዙት ከ14 እስከ 21 ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። የአንድ ቤትና የግቢው ርዝመት ማለት ነው። በ14 ክፍለ ዘመን ይህን ያህል ብቻ።

ከባሕሩ ማዶ ያሉ ወንድሞቻችንም የዚሁ ታሪክ ተካፋይ ናቸው። በ654 ዓመተ ሂጅራ (1256 እ.ኤ.አ.) መዲና አቅራቢያ ምድር ተንቀጥቅጣ ላቫ ፈሰሰ። 52 ቀን ቆይቶ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከተማይቱ ሳይደርስ ቆመ። ያ ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ዛሬም ይታያል።

ወደ አፋር ስንመለስ፣ የዳሎል ጨው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ከቀይ ባሕር ነው። ባሕሩ በተለያየ ዘመን ወደ ደናክል ዝቅታ ገብቶ፣ መግቢያው ሲዘጋ ደርቆ ጨዉን ጥሎ ሄዷል። በዳርቻው ላይ የባሕር ዛጎልና ኮራል ተለጥፎ ይገኛል። የአፋር ሰዎች በመጥረቢያ ፈልፍለው በግመል ጭነው ወደ በራሕሌና መቀሌ ሲያጓጉዙት የኖሩት አሞሌ የደረቀ ባሕር ነው። ስፍራው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ዳርቻ ደግሞ በ155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ሆኗል።

ይህ መሰንጠቅ ብዙውን ጊዜ ሳይታይ የሚሄድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይወጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 2005 እ.ኤ.አ.) በአፋር ዳባሁ በሚባለው አካባቢ ሆኖ ያየነው ይህን ነው። ለቀናት ምድር ተንቀጠቀጠች። መስከረም 16 ቀን ዳዑሬ ላይ ምድር ተከፍታ አመድ ወጣ፤ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ሸሹ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው የሳተላይት ምስሎችን ሲያነጻጽሩ፣ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ከሥር ቅልጥ አለት ገብቶ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር እንዳራራቃት አዩ። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብንቆጥር ይህ የ400 ዓመት መንገድ ነው፤ የተጓዘችው ግን በሳምንታት ውስጥ ነው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ 13 ጊዜ ተጨማሪ ቅልጥ አለት ገብቷል። ውቅያኖስ እንዴት እንደሚወለድ በየብስ ላይ ቆሞ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ስለሌለ ዓለም ወደ አፋር ይመጣል።

እኛን ከአልጋችን ያነሣንም የዚሁ ወንድም ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ አለት በምድር ውስጥ እየሰረገ መግባት ጀመረ። ወራት በፈጀው መንቀጥቀጥ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ወረዳዎች ቤቶች ተሰነጠቁ፣ ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ተፈናቀለ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው በመለኪያው 6 ሆኖ ተመዘገበ። ላቫ ግን ሳይወጣ ቀረ። ተመሳሳይ ነገር በሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሐራት ሉነይር በተባለ ቦታ በ2009 እ.ኤ.አ. ሆኖ ነበር። መንግሥት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አነሣ፤ ምድር 8 ኪሎ ሜትር ተሰነጠቀች፤ ቅልጡ አለት ግን ወደ ላይ ሳይደርስ ቆመ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው፣ በጽሑፍ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ዑማን ደረሰ፣ አልፎም ፓኪስታንና ሕንድ ሄዶ የአውሮፕላን በረራ አሰረዘ። ዓለም የተናገረው ስለ በረራው ነበር። አፍዴራ ላይ ግን አመድ የለበሰው ሣር ነበር፤ ሣሩ የፍየሎቹ ነው፣ ፍየሎቹም የቤተሰቡ ወተት ናቸው።

ወሬውና ሥራው

ያ ወጣት «አፍሪካ ለሁለት ተከፈለች» ያለው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ባሕር እስኪገባበት ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈልጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኬንያ ሱስዋ አጠገብ መንገድ የቆረጠ ትልቅ ስንጥቅ ሲታይም ይኸው ወሬ ዓለምን ዞሮ ነበር፤ ባለሙያዎች ሲመለከቱት ግን ከባዱ ዝናብ ልል አፈር አጥቦ የከፈተው መሆኑን ብዙዎቹ ተናገሩ። ፈንታሌ አካባቢ ሰው በድንኳን ሲያድር እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ መቀባበል ቀላል ጥፋት አይመስለንም። የሸሸውን መመለሻ ያሳጣዋል፣ መሸሽ የሚገባውንም ያዘናጋዋል።

በአንጻሩ ሊፈራ የሚገባው ነገር አልተፈራም። ሰው የሚሞተው በመሬት መንቀጥቀጥ ሳይሆን በሚወድቅበት ቤት ነው። ሐጂ የነገሩን ማጀቴ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የፈረሰችው የአፋሯ ሰርዶ፣ ሁለቱም ትንንሽ ከተሞች ነበሩ። ዛሬ በስምጥ ሸለቆው ውስጥና ጠርዝ ላይ አዳማ፣ ሐዋሳና አዲስ አበባ ፎቅ በፎቅ ሆነዋል። አገራችን መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ የሚደነግግ ደንብ አላት፤ በ1995 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። እዚያ ላይ የተጻፈው ብረትና ሲሚንቶ ምሰሶው ውስጥ መግባቱን የሚያይ ዓይን ነው የሚያስፈልገው። ቤት የምትገዙ፣ ቤት የምትሠሩ ወገኖች ስለ ሴራሚኩ ቀለም የምትጠይቁትን ያህል ስለ ምሰሶው ጠይቁ።

እኛ ራሳችን ያን ሌሊት ተሳስተናል። ምድር እየተናወጠች ልጅ ታቅፎ ደረጃ መውረድ ከሁሉ የከፋ አደጋ እንደሆነ ያወቅነው ኋላ ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ንውጥውጡ እስኪያልፍ ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ርቆ፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ራሱንና አንገቱን በክንዱ ሸፍኖ መቆየት አለበት። ሲቆም የጋዙን ምድጃ ዘግቶ፣ ሊፍት ሳይነካ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከግንብና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ እንጂ ባለበት ይቆይ። ዱዓእ ማድረግ ጠረጴዛ ሥር ከመግባት አይከለክልም፤ ግመልህን እሰር የተባልን ሕዝብ ነን።

ለልጃችን ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ልንነግረው አልቻልንም። ሐብሐቡንና ኮምፓሱን ወደደ። የቀይ ባሕሩን ስሌት ስንነግረው ገመድ አምጥቶ 14 ሜትሩን ከቤታችን በር ጀምሮ በኮሪደሩ ለካው፤ እስከ ሐጂ በር ደረሰ። ሐጂም ወጥተው ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። «ባሕሩን እየለካሁ ነው» አላቸው። የቁም ሳጥኑን እኛ በሁለት ወፍራም ብሎን ከግድግዳው ጋር አስረነዋል። ባለፈው ሳምንት የሐጂን አሰርን፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ የሦስተኛ ፎቆቹ ተራ ነው።